አይተሽ ነው ሰምተሽ?

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ከፊቴ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። ዓመቱ 2003፣ ከተማው አዋሽ ሰባት ኪሎ። ስሟን እዚህ አልጽፍም። በሒሳብ ትበልጠኛለች፣ በአማርኛ እበልጣታለሁ፤ እሷ ደብተሯን ገለጥ አድርጋ መልሱን ታሳየኛለች፣ እኔ ደግሞ ድርሰቷን አርምላታለሁ። የመንፈቅ ዓመቱን ፈተና ጨርሰን፣ አርፈን ስንመለስ ቦታዋ ባዶ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት "አግብታለች" ተባለ። የተዳረችው ለአብሱማዋ ነው። አብሱማ በአፋር ባህል የአክስትና የአጎት ልጆች የሚጋቡበት ልማድ ነው። ዕድሜዋ ከእኔ እኩል ነበር፤ 15።

ማታ እቤት ስናገር እናቴ "ባህላቸው ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ" ብላ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ጡረታ የወጣ የምድር ባቡር ሠራተኛ የሆነው አባቴ ግን ሬዲዮኑን ቀነስ አድርጎ "ቆይ፣ እዚህ አገር ሕግ የለም እንዴ?" አለ።

ያኔ ንዴት እንጂ ጥያቄ አልመሰለኝም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሕግ ስማር ነው፣ አባቴ ሳያውቀው ትክክለኛውን ጥያቄ እንደጠየቀ የገባኝ። መልሱም "እንደ ባቡር ጣቢያው ይለያያል" የሚል ነበር።

እስቲ በባቡሩ መስመር አብረን እንሂድ። ከአዲስ አበባ ስትነሡ ያላችሁት በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሥር ነው፤ አዋጅ ቁጥር 213/1992። የጋብቻ ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18። ሞጆን፣ አዳማን፣ መተሐራን ስታልፉ ኦሮሚያ ናችሁ፤ ኦሮሚያ የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. አውጥቷል። ቀጥሎ አዋሽ ነው፤ አፋር ክልል። አዋሽን አልፋችሁ ድሬዳዋ ስትደርሱ ደግሞ ያው የአዲስ አበባው ሕግ ይቀበላችኋል፤ ሁለቱም ከተሞች ተጠሪነታቸው ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ።

አዋሽ ላይስ? ያቺ ልጅ ከክፍል በጠፋችበት ዓመት አፋር ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አልነበረውም። ሶማሌ ክልልም እንዲሁ። ክልሉ የራሱን እስኪያወጣ ድረስ የሚሠራው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው የሚሉ የሕግ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። የዚያ ሕግ አንቀጽ 581 ደግሞ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት ይላል። በዚህ ስሌት ጓደኛዬ ድሬዳዋ ብትወለድ ኖሮ ገና ልጅ ነበረች፤ አዋሽ ስለተወለደች ግን ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች። በመካከሉ ያለው የጥቂት ሰዓት የባቡር መንገድ ነው።

"የወንጀል ሕግስ?" ትሉኝ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። የወንጀል ሕጉ ለመላው አገሪቱ አንድ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 414/1996። አንቀጽ 648 ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ የሚያገባን ሰው ይቀጣል፤ ልጅቷ 13 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት። ግን ቅጣቱ የሚመጣው ጋብቻው አግባብነት ያለው የቤተሰብ ሕግ ከሚፈቅደው ውጪ ሲሆን ነው። የትኛው የቤተሰብ ሕግ? ወደ ሕገ መንግሥቱ እንሂድ። አንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ ይመሠረታል ይላል፤ ዕድሜውን ግን በሕግ ይወሰን ብሎ ይተወዋል። ያንን ሕግ ማን ያውጣ? ለፌዴራሉ ተለይቶ ያልተሰጠ ሥልጣን የክልል ስለሆነ፣ ክልሉ። ክልሉስ? ገና ነበር።

ሕገ መንግሥቱ ወደ ቤተሰብ ሕግ ይጠቁማል፣ የወንጀል ሕጉም ወደ ቤተሰብ ሕግ፣ የቤተሰብ ሕጉ ጉዳይ ወደ ክልሉ። ሁሉም በየራሱ ልክ ነው። ሁሉም ልክ ሆኖ ልጅቷ ተዳረች።

እንግዲህ መፍትሔው ቀላል ይመስላል፦ መቅዳት። ሌሎቹስ እንዲሁ አላደረጉም? ትግራይ ከፌዴራሉም ቀድሞ በ1991 የራሱን አወጣ፤ አማራና ኦሮሚያ በ1995፣ ደቡብ በ1996 ተከተሉ። ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ብታነቡ ብዙ አንቀጾቻቸው ቃል በቃል የፌዴራሉን ይመስላሉ። የፌዴራሉ ሕግ ደግሞ ከሰማይ የወረደ አይደለም። እንደ ኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያሉ ሴቶች ለዓመታት የተሟገቱበት ነው። ጥሩ ሆኖ የተጻፈ ነገር ካለ አፋር ለምን ከዜሮ ይጀምራል? ስሙን ቀይሮ፣ እጅ አውጥቶ ማጽደቅ ነው።

እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። በገዛ እጄ እስክቀዳ ድረስ።

በኋላ ሰመራ ውስጥ ሥራ ጀመርኩ። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም፤ ጥፋቱ የኔ ስለሆነ መጥራትም አያስፈልግም። ሰመራን የማታውቁ፣ ከሎጊያ አጠገብ ሜዳ ላይ የተዘረጋች አዲስ ከተማ ናት፤ የክልሉ መቀመጫ ከአሳይታ ወደዚያ የተዛወረው ብዙም ሳይቆይ ነው። ቀን ቀን ሙቀቱ ሰው ከቢሮ አያስወጣም። አንድ ቀን አለቃዬ "የአንድ መመሪያ ረቂቅ አዘጋጂ" አለኝ። የቤተሰብ ሕግ አልነበረም፤ ስለ አንድ የአገልግሎት አሰጣጥ ነው። የፌዴራሉን አገኘሁት፣ ከፈትኩት፣ ኮምፒውተሩን "የፌዴራል" የሚለውን ሁሉ "የክልሉ" በሚል ተካልኝ አልኩት። ተካልኝ። ሻይ ሳልጠጣ ጨረስኩ። አለቃዬ አመሰገነኝ፤ ሌሎችም አይተውት አለፈ።

ከዚያ የምክክር መድረክ ተጠራ። ከየወረዳው የመጡ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ አስተርጓሚው አንቀጽ በአንቀጽ ወደ አፋርኛ ይመልሳል። አንድ አንቀጽ ላይ፣ አመልካቹ ማመልከቻው ላይ ስሙን፣ ቀበሌውንና የቤት ቁጥሩን ይሞላል ይላል። አስተርጓሚው እዚያ ሲደርስ ቆመ። የሚለው ቃል ጠፋው። ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት ምን እንደሆነ ጠየቁ። ተነገራቸው። ጥቂት ዝም ብለው ወደ እኔ ዞሩና የሆነ ነገር አሉ። አስተርጓሚው እየሳቀ "ልጄ፣ ይህን ነገር ያመጣሽልን አይተሽ ነው ሰምተሽ? እያሉሽ ነው" አለኝ።

አዋሽ ያደገ ሰው ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። የዳጉ ጥያቄ ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ የቱንም ያህል ቢቸኩሉ፣ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፦ ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት አለ፣ ማን ሞተ፣ ማን ታመመ፣ ጸጥታው እንዴት ነው። ወሬ ተቀባዩ ዝም ብሎ አይሰማም፤ ይመረምራል። በዓይንህ አየህ ወይስ ሰማህ? ከሰማህስ ከማን? እሱስ አይቶ ነው? ዳጉ ላይ የዋሸ ሰው እንዲሁ አይታለፍም፤ ቅጣት አለው፣ ከቅጣቱ በላይ ደግሞ ቃሉ ከዚያ በኋላ አይታመንም። ስልክ ሳይኖር ወሬ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ ሳይዛነፍ የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

እኔ ደግሞ የቤት ቁጥር ያለው አርብቶ አደር አላየሁም። አይቻለሁ የሚል ሰውም አልሰማሁም። ወረቀቱን ብቻ ነው ያየሁት።

አንቀጹ ተስተካከለ። ሳቅ ተሳቀ፣ ምሳ ተበላ። እኔን ግን ጥያቄው ለቆ አልወጣም። አንድ ዓይነት ቃል በሁለት ቦታ ሲጸድቅ ሁለተኛው "እሺ" እውነተኛ እሺ ነው ወይስ ማሚቶ?

በዚያ ሰሞን ሌላው ዓለም እንዴት እንደሚያደርገው ማንበብ ጀመርኩ፤ ያ ልማድ ለዓመታት አልለቀቀኝም። አሜሪካኖች ለዚህ የታወቀ አሠራር አላቸው። እዚያ ሕግ አውጪው ሁለት ቤት ነው፣ የተወካዮች ምክር ቤትና ሴኔት። አንድ ተወካይ ረቂቅ ሲያስገባ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ሴናተር ቃል በቃል ተመሳሳዩን በሴኔት ያስገባል። መንታ ረቂቅ እንበለው። ጥቅሙ ጊዜ ነው፤ ሁለቱም ቤቶች ሥራውን ጎን ለጎን ይጀምራሉ፣ ኮሚቴዎቻቸውም በየፊናቸው ይመረምሩታል። ግን አንድ ነገር አለ። መንታዎቹ ሁለቱም በየቤታቸው ቢጸድቁ እንኳ ሕግ አይሆኑም። ለፕሬዚዳንቱ ፊርማ የሚሄደው አንድ ረቂቅ ነው፤ አንድ ቁጥር የያዘውን ያንኑ ረቂቅ ሁለቱም ቤቶች ማጽደቅ አለባቸው። ስለዚህ አንደኛው ቤት የራሱን መንታ ትቶ የሌላውን ማንሣት ይኖርበታል።

ይሄ ምን ያህል ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል ያሳየኝ የፀረ ሊንቺንግ ሕጉ ታሪክ ነው። ሊንቺንግ መንጋ ተሰብስቦ ሰውን ያለ ፍርድ መግደል ነው፤ በአሜሪካ በዋነኛነት ጥቁሮች ያለቁበት። ይህን የፌዴራል ወንጀል ለማድረግ የመጀመሪያው ረቂቅ የገባው እ.ኤ.አ. በ1900 ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ 200 የሚጠጉ ሙከራዎች ከሸፉ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 ሴኔቱ አንድ ረቂቅ ያለ ተቃውሞ አጸደቀ። በየካቲት 2020 የተወካዮች ምክር ቤት በ410 ድምፅ ለ4 የራሱን አጸደቀ። ከርዕሱ በቀር ቃሉ አንድ ነው። የተወካዮቹ ረቂቅ በ1955 ሚሲሲፒ ውስጥ በተገደለው የ14 ዓመት ልጅ በኤሜት ቲል ስም ተሰይሟል። ሁለቱ ቤቶች ያንኑ ቃል ተቀብለዋል፤ ሕግ ግን የለም። ሴኔቱ የተወካዮቹን ረቂቅ እንደገና ማጽደቅ ነበረበት፣ እዚያ ላይ አንድ ሴናተር፣ ራንድ ፖል፣ "ትርጉሙ ከልክ በላይ ሰፍቷል" ብለው ያዙት። በዚህ መካከል የምክር ቤቱ ዘመን አለቀ። ሕጉ በሌላ ረቂቅ፣ በሌላ ቁጥር፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 29 ቀን 2022 ነው የተፈረመው።

መጀመሪያ ሳነበው ተናደድኩ። ቃሉ አንድ ከሆነ ቁጥሩ ምን ያደርጋል? ሰው ይሞታል እኮ! ቆይቼ ሳስብ ግን የሕጉን ሐሳብ አየሁት። "እኛ ጋ ያለው ያው ነው" ብሎ ማለፍ አይቻልም። እያንዳንዱ ቤት ያንኑ አንድ ወረቀት ፊቱ አስቀምጦ፣ "ይህንን፣ እኔ" ማለት አለበት። ቅርጹ ኃላፊነት መውሰጃ ነው። ያው ቅርጽ መዘግያም ይሆናል። ሁለቱም እውነት ነው።

እኛስ? በንጉሡ ዘመን የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ የሚባሉ ሁለት ምክር ቤቶች ነበሩን። ዛሬ የፌዴራል ሕግ የሚያወጣው አንድ ቤት ነው፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት። አንድ ቃል በብዙ ቤቶች እንዲያልፍ የሚጠየቅበት ቦታ ግን አለን፤ አንቀጽ 105። የሕገ መንግሥቱን ምዕራፍ ሦስት፣ የመብቶቹን ምዕራፍ፣ ለማሻሻል የተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ፣ በዚያ ላይ ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ ያንኑ ማሻሻያ መቀበል አለባቸው። አንድ ክልል እምቢ ካለ አይሆንም። ጋብቻ በነጻ ፈቃድ ይሁን የሚለው አንቀጽ 34 እዚሁ ምዕራፍ ውስጥ ነው። ማለትም እሱን ለመንካት ሰመራ ያለው ምክር ቤት ድምፅ ከትልልቆቹ ክልሎች ድምፅ እኩል ይመዝናል። አርቃቂዎቹ መብት የሚያህል ነገር በሌላ ሰው እሺታ አይለወጥም ብለው አስበዋል። ደስ ይላል። ታዲያ መብቱን ለመንካት ሁሉም ይጠየቅ ካልን፣ መብቱ ሥራ ላይ እንዲውል ሲፈለግ ማን ይጠየቅ?

ይህን ሁሉ ፍልስፍና አብራኝ ለምትሠራ የአፋር ልጅ አወራሁላት። ሎጊያ ሻይ እየጠጣን ነበር። ክልሉ በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ምክክር ቢያወጣው ይሻላል፤ ካልተመከረበት ማንም አያከብረውም፤ አፋር የራሱ መድዓ የሚባል የባህል ሕግ፣ ማብሎ የሚባል የሽምግልና ጉባኤ አለው፤ ነገር ተብላልቶ ስምምነት ሲደረስበት ነው የሚጸናው፤ የተቀዳ ሕግ እንደኔ የቤት ቁጥር ነው አልኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

"አንቺ ያ ስህተት ስላሳፈረሽ ነው እንዲህ የምትፈላሰፊው። እኔ ሦስት ታናናሽ እህቶች አሉኝ። ይቅዱት! ኮፒ ፔስት ያድርጉት! 18 የሚለው ቁጥር አዲስ አበባ ተጻፈ ሰመራ ተጻፈ ለእህቴ ምን ይለያታል?"

"ካልተመከረበት እኮ ወረቀት ላይ ይቀራል።"

"ማብሎ ላይ ማን ነው የሚቀመጠው?"

ዝም አልኩ። መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ወንዶች ናቸው። ሴት ጉዳይ ቢኖራት እንኳ የወንድ ዘመዷ ነው የሚናገርላት።

"እንግዲያው" አለችኝ፣ "'ራሳችን እንምከርበት' ስትሉኝ እኔ 'ራሳችን' ውስጥ የለሁበትም። ለሌለሁበት ምክክር ብዬ እህቴን ልጠብቅ?"

እዚያ ላይ ተሸነፍኩ። አሁንም እንደተሸነፍኩ ነኝ። ግን ሽንፈቴ ወዴት እንደወሰደኝ ልንገራችሁ።

በአንድ በኩል፣ ሳይጠይቁ መቅዳት አለ፤ የኔ ኃጢአት ይሄ ነው። በሌላ በኩል፣ ነገሩ የማያማቸውን ብቻ ጠይቆ "ሕዝቡ መከረበት" ማለት አለ። የመጀመሪያው ስንፍና ነው፤ ሁለተኛው ጨዋ መስሎ የሚታይ በደል። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ምስክሩ አለመጠራቱ ነው።

የአዛውንቱን ጥያቄ እንደገና አስቡት። ቃሉን ከሌላ ቦታ ስላመጣሁት አልወቀሱኝም። ዳጉ እኮ ራሱ ቃልን ከሌላ ቦታ ማምጣት ነው፤ እንዲያውም ሳይጨመርበት፣ ሳይቀነስበት፣ እንዳለ ማምጣት። ከሌላ አፍ የመጣ ቃል ነውር የለበትም። ነውሩ ተሸካሚው ሲጠየቅ "ያየ ሰው አለ" ማለት ሲያቅተው ነው። የቤት ቁጥሩ የወደቀው በዚህ ፈተና ነው። ያየው ሰው የለም።

አሁን 18 የሚለውን ቁጥር በዚያው ፈተና አሳልፉት። ያየ ሰው አለ? በ15 ዓመቷ አምጣ የወለደች ሴት አይታለች። አዋላጇ አይታለች። ልጇ ደብተሯን ይዛ ስታለቅስ የሰማች እናት አይታለች። ሎጊያ ሻይ ቤት የተቀመጠችው የሦስት እህቶች ታላቅ አይታለች። 18 አዲስ አበባ ቢጻፍም አፋር ውስጥ ዓይን የሌለው ቃል አይደለም። የባዕድ የሚመስለው ያዩት ሰዎች ተቀምጠው ስላልተጠየቁ ብቻ ነው።

ስለዚህ ዛሬ የማምነው ይህን ነው። ቃል በቃል አንድ የሆነ ሕግ በሌላ ቤት መጽደቁ ማሚቶ የሚሆነው ቃሉ ስለተመሳሰለ አይደለም፤ ያጸደቀው ቤት ያዩትን ሳይጠይቅ እጁን ካወጣ ነው። ከጠየቀ፣ አንድም ፊደል ሳይለውጥ ቢያጸድቀውም የራሱ ነው። ጥያቄው ደግሞ ሃያ ዓመት አይፈጅም። የቤት ቁጥሩን ለመያዝ አንድ ከሰዓት በቂ ነበር። በእርጋታ መምከርና ማዘግየት ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ የሚለዩት፣ በምክክሩ ላይ መጠበቁ የሚያስከፍላት ሰው ተቀምጣለች ወይ በሚለው ነው። የሌለች እንደሆነ፣ እያንዳንዱ "እስቲ እንየው" አንድ ስምንተኛ ክፍል ውስጥ አንድ ቦታ ባዶ ያደርጋል።

የመጀመሪያውን የሥራ ዓመቴን ጨርሼ ለእረፍት ወደ ቤት ወረድኩ። ከሎጊያ ተነሥቶ በሚሌ፣ በገዋኔ አድርጎ አዋሽ እስኪደርስ ቀኑን ሙሉ መንገድ ነው፤ የጅቡቲ ተሳቢዎች ከፊትም ከኋላም። በማግስቱ ገበያ ስወጣ ከኋላዬ በስሜ የጠራኝ ሰው አለ። ዞር ስል ስምንተኛ ክፍል ከፊቴ የምትቀመጠው ልጅ ናት። ጎኗ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ቀሚሷን ይዛ ቆማለች።

ተቃቀፍን። እንደ ወጉ ቁጭ አልንና ጤና፣ ቤተሰብ፣ ከብት፣ ዝናብ ተጠያየቅን። ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነው፣ አንደኛ ክፍል ገብታለች። ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ፤ ሕግ እንደተማርኩ፣ ሰመራ እንዳለሁ ነገርኳት።

"18 ዓመት ሳይሞላ አይዳርም የሚል ሕግ አለ ሲሉ ሰማሁ" አለችኝ። "አንቺ አይተሽዋል?"

"አይቼዋለሁ።"

"የት?"

"አዲስ አበባ። ድሬዳዋም አለ።"

"እዚህስ?"

"እዚህ ገና ነው።"

የልጇን ፀጉር እያስተካከለች ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ፣ እኔን ሳታይ፣ "ዘጠኝ ዓመት አለኝ" አለች።

ምን እንደቀነሰች ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። በሒሳብ ድሮም ትበልጠኝ ነበር።